ዳሞት ከዓባይ ማዶ በነበረ ጊዜ



ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሚሆነው በዚህ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜ፥ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ደብራችን ስለ መርጡለ ማርያም ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን የደብሩን ታሪክ የሚያውቁ ሊቃውንት በየደጃፋችን ስላሉ በእነርሱ ፊት ብዕር ማንሣቴ ድፍረት መስሎ ታየኝ። ስለዚህ የታሪክ ክበባችን በዚህ ዓመት አንድ ካርታ ሲሠራ የሆነውን፥ በተለይም እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተትና ስሕተቱን ፍለጋ ስሄድ ያገኘሁትን ታሪክ ልጽፍ ወደድሁ። ለደብራችንም ቢሆን በመካከሉ ጥቂት ቦታ አላጣሁላትም።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። ከክፍል ጓደኞቼ የአንዱ ታላቅ ወንድም ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመጣ በኮምፒዩተር የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ይዞ መጣ። ጨዋታው የዓለምን ካርታ ይዘረጋና ለተጫዋቹ አንድ መንግሥት ይሰጠዋል፤ ተጫዋቹም ግብር ይሰበስባል፥ ጦር ያዘምታል፥ መልእክተኛ ይልካል፥ ጎረቤቱን ያስገብራል። አያቶቻችን በገበጣ ጉድጓድ ውስጥ ላምና ጥጃ እየቈጠሩ የሚያደርጉትን እነዚህ በመንግሥታት ያደርጉታል ማለት ነው። ከእንደዚህ ያሉት ጨዋታዎች አንዱ፥ ኢውሮፓ ዩኒቨርሳሊስ የሚባለው፥ በአራተኛው እትሙ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1444 ነው። ይኸውም የቱርክ ሱልጣን የፖላንድንና የሀንጋሪን ንጉሥ ቫርና በተባለች ከተማ አጠገብ ድል በነሣ ማግሥት ነው። እኔም ቀኑን በባሕረ ሐሳብ በሚያውቁ ሰው እርዳታ ወደ አገራችን አቈጣጠር ብመልሰው ኅዳር 15 ቀን 1437 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት። የነቢያት ጾም የሚገባበት ቀን! የዓለም ተጫዋች ሁሉ ጦሩን ለዘመቻ በሚያሰልፍበት በዚያ ቀን በእኛ አገር ሰው ጾም ይቀበል ነበር። በዙፋን ላይ የነበሩትም ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው።

ለእኔ ግን ከጨዋታው ይልቅ የማረከኝ ስለ ካርታው የሚነሣው ክርክር ነው። በየአገሩ ያሉ ተጫዋቾች «የእኛ አገር እንዲህ አልነበረም» እያሉ ማስረጃ ይጽፋሉ። ከእነዚህ መካከል የዩክሬን ጉዳይ አንዱ ነውና መምህራችን እንደ ምሳሌ አድርገው አስረዱን። እ.ኤ.አ. በ1444 ዩክሬን የሚባል መንግሥት በዓለም ላይ አልነበረም፤ አገሩ ግን ባዶ አልነበረም። ልዑል ቮሎዲሚር እ.ኤ.አ. በ988 ሕዝቡን ያስጠመቀባት ኪየቭ በዚያን ጊዜ ለሊትዌኒያ ታላቅ መስፍን የምትገዛ ስትሆን፥ ኦሌልኮ የሚባል የራሷ መስፍን ነበራት። ይህ መስፍንነት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1471 ነው። በምዕራብ ያለችው ልቪቭ በፖላንድ ንጉሥ እጅ ነበረች፤ በደቡብ ደግሞ የክራይሚያ ታታሮች የራሳቸውን መንግሥት እያቋቋሙ ነበር። እንግዲህ ካርታ ሠሪው ያን ሁሉ አገር በአንድ ቀለም ሞልቶ «ሊትዌኒያ» ብሎ ቢጽፍበት ኪየቭን ያጠፋታል፤ «ዩክሬን» ብሎ ቢጽፍበት ደግሞ ገና ያልመጣውን ያመጣል። ቦፕላን የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1648 ባሳተመው ካርታ ላይ አገሩን «በተለምዶ ዩክሬን የሚባሉ ምድረ በዳ ሜዳዎች» ብሎ ሰይሞታል። የሰው አገር ምድረ በዳ ብሎ መጻፍ ለካርታ ሠሪ ምን ያህል ቀላል ነው!

መምህራችን ከዚሁ ጋር አያይዘው አንድ ነገር ነገሩን፤ በዚያን ሰዓት ግን ልብ አላልሁትም። ሩስ የሚለው ስም በጥንት ጊዜ ከሁሉ በፊት የኪየቭንና የአካባቢዋን አገር የሚያመለክት ሲሆን፥ ኋላ በሰሜን ያለው የሞስኮ መንግሥት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1721 የሩስያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ተባለበት። «ስምም እንደ ሰው ይሰደዳል» አሉ መምህራችን፤ ከዚያም ደወል ተደወለና ወጣን።

ክበባችን «እኛስ የራሳችንን ካርታ ለምን አንሠራም?» ብሎ ተነሣ። ለበዓሉ ቀን እንግዶች ቆመው የሚያዩት ተማሪዎችም የሚጫወቱበት በ1437 ዓ.ም. የነበረችው ኢትዮጵያ በሰፊ አቡጀዲ ላይ እንድትሣል ተወሰነ። ወታደሩ ባቄላ፥ ግብሩ ሽምብራ፥ መልእክተኛው የምስር ፍሬ እንዲሆን ተስማማን። ለእኔ የደረሰኝ የዓባይን ወንዝና ጎጃምን መሣል ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራኖቻችን ካርታ በእጅ እየገለበጥን እንድንሥል ያስለምዱን ስለ ነበር እጄ ለዚህ ሥራ አያንስም። ስለዚህ በድፍረት ጀመርሁ።

የሣልሁት እንደሚከተለው ነበር። ዓባይን ከጣና አውጥቼ እንደ መታጠቂያ በምሥራቅና በደቡብ አዞርሁት፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ አረንጓዴ ቀባሁና በትልልቅ ፊደል «ጎጃም» ብዬ ጻፍሁበት። ደብረ ማርቆስን፥ ባሕር ዳርን፥ ሞጣን በየቦታቸው አስቀመጥሁ። በሞጣ አንጻር ሰባራ ድልድይን በዓባይ ላይ አጋደምሁት፤ ያውም ሳይሰበር። ከጮቄ ተራራ በስተ ምዕራብ «ዳሞት» ብዬ ጻፍሁ፤ ደጋ ዳሞት በዚያ መኖሩን የማያውቅ ጎጃሜ የለምና። መርጡለ ማርያምን ደግሞ በወርቅ ቀለም ከሁሉ አስበልጬ ሣልኋት። ሥራዬን ጨርሼ ቆሜ ሳየው ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ያለ ያማረ ስሕተት ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም።

መምህራችን መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

«ልጄ፥ ይህ ካርታ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አሉኝ።

«የ1437 ነው፥ መምህር።»

«እንግዲያው ደብረ ማርቆስን ማን ቆረቆራት?»

መልሱን አውቀው ነበርና አፈርሁ። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረች፥ በ19ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ስሟም የተለወጠው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ነው። ይህን ያህል በጠየቁኝ ጊዜ ሌላውን ራሴ እየተከታተልሁ አጠፋሁት። በሌላ ልጅ ክፍል የተሣለችው ጎንደርም ወጣች፤ ዐፄ ፋሲለደስ የቆረቆሯት እ.ኤ.አ. በ1636 ነውና። ደብረ ብርሃን እንኳ ገና አልነበረችም፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ የተቀመጡት ጨዋታው ከሚጀምርበት ቀን ዐሥር ዓመት ያህል ቆይተው ነው። በዚያን ጊዜ ዋና ከተማ ማለት ንጉሡ ድንኳን የተከሉበት ቦታ ነበረ። ስለዚህ ዋና ከተማችን በካርታው ላይ ተለጥፋ የምትቀር ነጥብ መሆኗ ቀርቶ ተጫዋቹ እያነሣ የሚያስቀምጣት የድንኳን ቅርጽ ሆነች። ይህን ያሰበው ከሁላችን በዕድሜ የሚያንሰው የክበቡ አባል ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ድረስ ሐሳቡ የእኔ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ድልድዩንም አነሣሁት። በዓባይ ላይ የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው፤ በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ ሰባራ ድልድይ ደግሞ በልጃቸው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን። ሰባራ የሚለውን ስም ያወጣለት ቅስቱ ከፈረሰ በኋላ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገርበት የነበረው ጊዜ መሆኑን ስንቶቻችን ከአያቶቻችን ሰምተናል። በ1437 ዓ.ም. ግን የሚሰበርም የሚጠገንም ድልድይ አልነበረም፤ ሰው የሚሻገረው ውኃው ሲጎድል በመልካ ነበረ። ከዚህም አንድ ጥሩ የጨዋታ ሕግ አገኘን። ከሰኔ እስከ መስከረም ማንም ተጫዋች ዓባይን እንዳይሻገር ደነገግን። ወንዙ የጎጃም ግንብ ነው፤ ግንቡ ግን በየዓመቱ በሩን ይከፍታል። ይህን ያላወቀ ካርታ ዓባይን ሰማያዊ መስመር ብቻ አድርጎ ይሥለውና ጦሩን በሐምሌ ያሻግረዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን እርማት በደስታ ተቀበልሁ። መምህራችን ግን በመጨረሻ ጣታቸውን በዳሞት ላይ አኖሩ።

«ይህስ?» አሉ።

«ዳሞት ነዋ፥ መምህር። ደጋ ዳሞት።»

«ዳሞትን ከዓባይ ማዶ ፈልገው» ብለው ሄዱ።

ከእኔ ጋር ካርታውን የሚሥለው የቅርብ ጓደኛዬ የደጋ ዳሞት ተወላጅ ነው። እርሱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «የአያቶቼን አገር ከወንዝ ማዶ ልትጥለው ነው?» አለኝ። እኔም በልቤ ከእርሱ ጋር ነበርሁ። ሁለታችንም መምህራችን ተሳስተዋል ብለን፥ ስሕተታቸውን በማስረጃ ልናሳያቸው ተነሣን። ማስረጃ ፍለጋ ይህን ያህል የተጋሁት ትክክል ነኝ ብዬ ስላመንሁ እንጂ እውነቱን ለማወቅ ከመጓጓት አልነበረም፤ ይህን መናገር ቢያሳፍረኝም እውነት ነው።

መጀመሪያ ያገኘነው የዐፄ ዐምደ ጽዮንን ቃል ነው። እኒህ ንጉሥ በ1309 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. በ1316 ወይም በ1317 ያደረጉት ዘመቻ በሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ላይ ተጽፎ ይገኛል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው ይህን ጽሑፍ ጠቅሰውታል። ንጉሡ በመጀመሪያ ዳሞትን፥ ከዚያ ሐድያን፥ ከዚያም ጎጃምን እግዚአብሔር በእጃቸው እንደ ሰጣቸው ይናገራሉ። ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ «አየህ፥ ዳሞት አለ!» ብሎ ተነሣ። አዎን፥ አለ፤ ነገር ግን ዳሞት ለብቻው፥ ጎጃምም ለብቻው፥ በመካከላቸውም ሐድያ ገብታ ነው። ዳሞት የጎጃም ክፍል ቢሆን ኖሮ ንጉሡ አንዱን አገር ሁለት ጊዜ ባልተቀበሉም ነበር።

ቀጥሎ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል አሰብን። በዚያ ውስጥ የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ ሸዋን እየወጋ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን እንደ ማረከ የማያውቅ የለም። ካርታውን ዘርግተን ከደጋ ዳሞት እስከ ሸዋ በጣታችን ሄድን፤ ከዓባይ ደቡብ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ለሚዘምት ሰው ግን ዓባይን መሻገር አያስፈልገውም። ጓደኛዬ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ ክርክራችን ከእጃችን እየወጣ መሆኑን ሁለታችንም አውቀነዋልና።

የቀረውን ከመጻሕፍት እንደ ተረዳሁት በአጭሩ ልናገር። ጥንታዊው ዳሞት ከዓባይ በስተ ደቡብ፥ ኋላ ወለጋ በተባለው አገርና በአዋሳኙ የነበረ ሰፊ መንግሥት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የኦሮሞ ሕዝብ ከደቡብ ተነሥቶ በሰፊው ሲስፋፋ፥ አባ ባሕርይም እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ ስለዚሁ ሕዝብ ታሪክና ሥርዐት ሲጽፉ፥ የዳሞት ጊዜ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ከሕዝቡ ከፊሉ በቦታው ቀርቶ ከአዲሱ ሕዝብ ጋር ተዋሐደ፤ ከፊሉ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሰሜን መጣ። ከእርሱም ጋር ጋፋቶች ተሻገሩ። ስሙም ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ወደ ግሽ ዓባይ ሲመጣ ዳሞት ከወንዙ ወዲህ የታወቀ አገር ሆኖ ነበር፤ ያን ጊዜ ከጎጃምና ከአገው ምድር ጋር ሦስት ሆነው በዓባይ መታጠቂያ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ስለ ጋፋቶች ሳልናገር ባልፍ ግን ጽሑፌ ይጎድልብኛል። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ከአማርኛ ጋር ዘመድ ነው። ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጕሞ አስጽፎ ስለ ወሰደ ያ ጽሑፍ ቀርቷል። ቮልፍ ሌስላው የተባሉት ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1947 በጎጃም ቋንቋውን ሲፈልጉ የሚናገሩት አራት ሰዎች ብቻ አገኙ። ዛሬ ማንም አይናገረውም። በእኛ አቡጀዲ ላይ ጋፋት ከዓባይ ደቡብ በሰፊ ፊደል ተጽፎ ሲታይ አንድ የሚያልፍ ተማሪ «ይህ ደግሞ የማን አገር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አዘንሁ። ባዶ ቢተው ኖሮ ግን ያን እንኳ ባልጠየቀም ነበር።

«ጎጃም» ብዬ በትልልቅ ፊደል የጻፍሁትስ? እርሱም መጥበብ ነበረበት። እኛ በልጅነታችን የምናውቀው ጎጃም፥ በጠቅላይ ግዛት ዘመን ካርታ ላይ ከጣና እስከ ዓባይ መታጠፊያ ሙሉውን ይዞ የተሣለው፥ ብዙ ዘመን እየሰፋ የመጣ ስም ነው። እርሱም ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም፥ ምዕራብ ጎጃም እየተባለ ተከፍሏል፤ አገው ምድር አዊ ተብሏል፤ መተከልም በሌላ ክልል ነው። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጎጃም ማለት ይልቁንም ምሥራቁ ክፍል፥ ማለት ከጮቄ እስከ ዓባይ ያለው፥ እኛ የምንኖርበት እነብሴና አካባቢው ነው። ምዕራቡ የአገው ሕዝብ አገር ነበረ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን ግራ ገባኝ፤ ጎጃም አነሰች፥ ነገር ግን መርጡለ ማርያም በመካከሏ ሆነች።

የጎጃም ገዥ በዚያ ዘመን «ነጋሽ» ይባል ነበር፤ እንደ ባሕር ነጋሽ ማለት ነው። የሐድያው ደግሞ ገራድ ይባላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየአውራጃው ሴቶች ልጆቻቸውን እስከ መሾም ደርሰው እንደ ነበር ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ስለዚህ በአገሮቹ ሁሉ ላይ አንድ ዐይነት ቀለም ቀብቶ በመካከላቸው ቀጭን መስመር ማስመር የዘመኑን አገዛዝ አያሳይም። ገብሮ የሚኖር አገር አለ፥ ንጉሡ ጨዋ የተባለውን ጭፍራ ያሰፈሩበት አገር አለ፥ ዘንድሮ ገብሮ ለከርሞ የሚሸፍት አገርም አለ። እኛም ቀለሙን ከመሀል አድምቀን ወደ ዳር እያደበዘዝን ቀባነው። ይህ ሥራ ቀለም ይፈጃል፤ የክበቡ ገንዘብ ያዥ እስከ ዛሬ ይወቅሰናል።

አሁን ወደ ወርቁ ቀለም ልመለስ፤ ከዳሞት ይልቅ የከበደኝ እርሱ ነበረና። በአገራችን ትውፊት መርጡለ ማርያም በአብርሃና በአጽብሃ ዘመን እንደ ተመሠረተች ይነገራል፤ መርጡል ማለትም በግዕዝ ድንኳን፥ ማደሪያ ማለት ነው። በወርቅና በሐረግ ጌጥ የታወቀውን ታላቁን ሕንፃ ያሠሩት ግን ንግሥት እሌኒ ናቸው፤ እርሳቸውም የሐድያ ገራድ ልጅ የነበሩ፥ ለሕፃኑ ለዐፄ ልብነ ድንግል እንደራሴ ሆነው አገር ያስተዳደሩ፥ ማቴዎስ የተባለውንም መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩ ብልህ ንግሥት ናቸው። የሕንፃው ዘመን 16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። በግራኝ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ካህናት በቦታው ሌላ ሕንፃ አሠሩ፤ ፍርስራሹንም እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ19ኛው መቶ ዓመት አይቶ እ.ኤ.አ. በ1847 ጽፎበታል። እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ የተቀረጸውን ድንጋይ በየቀኑ እናየዋለን።

ስለዚህ በ1437 ዓ.ም. የእሌኒ ሕንፃ አልነበረም። ይህን ለማጥፋት ብሩሹን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥሁት። የበዓሉ እንግዶች፥ ወላጆቼም ጭምር፥ መጥተው በካርታው ላይ መጀመሪያ የሚፈልጉት ምን እንደ ሆነ አውቃለሁና። ጓደኛዬ ከአጠገቤ ቆሞ ያየኝ ነበር። «የእኔን አያቶች ወንዝ ስታሻግር እጅህ አልተንቀጠቀጠም» አለኝ። ይህን ከተናገረ በኋላ ወርቁን ማጥፋት ግዴታ ሆነብኝ። በምትኩ ትንሽ ጥቁር መስቀል ሥዬ ስሟን ብቻ ጻፍሁ፤ ሐድያንም በደቡብ በኩል በጥንቃቄ ሣልሁ፤ እሌኒ የሚመጡት ከዚያ ነውና።

ለራሳችን ስለሚያደላ ካርታ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ኦርቴሊዩስ የተባለው የፍላንደርስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1573 ያወጣው የቄስ ዮሐንስ መንግሥት ካርታ ኢትዮጵያን ከምድር ወገብ አሳልፎ እስከ ሩቅ ደቡብ ይዘረጋታል። ይህን ካርታ አንዳንድ ሰው በግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይኮራበታል። ሠሪው ግን አገራችንን አላየም፤ የሰማውን የቦታ ስም ሁሉ ባዶ በሆነው የአፍሪካ ካርታ ላይ በታተነው እንጂ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንዲሉ፥ ያላዩት አገር ይሰፋል። ከእርሱ በፊት፥ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ራሱ፥ ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኒስ መነኵሴ ትልቁን የዓለም ካርታ ሲሠራ ከኢትዮጵያ የመጡ መነኮሳትን ጠይቆ ነበር፤ አገራቸውን በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩትም በካርታው ላይ ጽፏል። ዓባይ በስሙ የተጻፈውም ስለዚሁ ነው። እርሱም ርቀቱን እጅግ አሳስቷል፥ ነገር ግን ስሞቹን ከባለቤቶቹ አፍ ወስዷል። ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1683 ያሳተመው ካርታ ከቀደሙት የተሻለው፥ የመካነ ሥላሴው ሰው አባ ጎርጎርዮስ በሮምና በጎታ ከተማ ከአጠገቡ ተቀምጠው ስለ አገራቸው ስላስረዱት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ካርታውን አላዩትም፤ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮባቸው ሞቱ።

ጓደኛዬ በጥምቀት ወደ ቤቱ በሄደ ጊዜ አያቱን ጠይቆ ነበር። አያቱም «እኛ ከዚህ በቀር አገር አናውቅም፤ አባቴም እዚህ፥ የአባቴም አባት እዚህ» አሉት። ተመልሶ ይህን በድል አድራጊነት ለመምህራችን ነገራቸው። እኔ መምህራችን አያቱን የሚያርሙ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን «አያትህ እውነት ብለዋል» አሉ። «ስሙ ተሻግሮ መጣ ማለት በዚያ አገር የኖረ ሰው ሁሉ ተሻግሮ መጣ ማለት አይደለም። ምናልባት አያቶችህ ስሙ ሲመጣ ተቀብለው ያሳደሩት ይሆናሉ።» ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ ብዙ አሰበ፤ ሙሉ በሙሉ ግን የታረቀ አይመስለኝም። የሩስም ስም ትዝ ያለኝ በዚህ ጊዜ ነው፤ ደወሉ ሲደወል ያልሰማሁት ትምህርት።

ካርታው በሁለት ወር አለቀ። ዳሞት ከዓባይ ማዶ በቡና ቀለም ተሣለ፤ ጎጃም በምሥራቅ በአረንጓዴ፤ አገው በምዕራብ በቢጫ፤ ጋፋት ከዳሞት አጠገብ። ደብረ ማርቆስ፥ ባሕር ዳርና ጎንደር የሉም። ካርታውን ያየ አንድ የታናሽ ክፍል ተማሪ «ደብረ ማርቆስን ረሳችኋት!» ብሎ በአዘኔታ ነገረን፤ እኛም ሳንስቅ አስረዳነው።

ካርታውን ለሙከራ በተጫወትንበት ቀን ዕጣ ጣልን። ለእኔ የጎጃም ነጋሽነት ደረሰኝ። ለጓደኛዬ የደረሰው የፈጠጋር አገር ነበር፤ እርሱ ግን ዳሞት ከደረሰው ልጅ ጋር ባቄላውን ተለዋወጠና ከዓባይ ማዶ ተቀመጠ። ጨዋታው በሰኔ ይጀምር ስለ ነበር ወንዙ ሞልቷል። ክረምቱን በሙሉ አንድ ፍሬ ሳያንቀሳቅስ ባቄላውን በመልካው ፊት እየሰበሰበ ጠበቀ። ጥቅምት በገባ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና፥ የመጀመሪያዋን ባቄላ አንሥቶ ወደ እኔ አሻገራት።